ወንዙን አጥሮ ስለ ወንዝ ማስተማር

ወንዝ ዳር ያሉ ትምህርት ቤቶች አጥራቸውን ያጥብቁ፣ ስለ ወንዝ የሚባለውንም ተማሪው ከመጽሐፍና ከቪዲዮ ይማር የሚል ምክር ሰሞኑን ይሰማል። ሰበቡ የልጆች ደኅንነት ነው። እሺ፣ ደኅንነት! ደወል ተደውሎ ልጁ ከግቢ ሲወጣ ታዲያ ወንዙ የት ሊሄድ ነው? ያን ጊዜ ብቻውን ይወርዳል፤ የቱ ጋ እንደሚጠልቅ፣ ላይኛው አገር ሲዘንብ እንዴት ድንገት እንደሚሞላ ያሳየው የለም።

አደጋ የለውም ያለ የለም። ውኃው ሲሞላ አይወረድም፤ ከጉልበት በላይ አይገባም፤ ቢልሃርዚያ ባለበት ደግሞ ጨርሶ ውኃ ሳይነኩ ከዳር ሆኖ በገመድ በታሰረ ባልዲ መቅዳት ነው። ይኸው ነው።

በዓመት አንዴ ጓንት አጥልቆ ፌስታል መልቀም፣ ፎቶ መነሳትና መበተንም ትምህርት አይባልም። ፌስታሉ በሳምንቱ ይመለሳል፤ ከየት እንደመጣ የጠየቀ የለማ።

ልጅ ለወንዝ የሚቆረቆረው የራሱን ግቢ ቆሻሻ ሲለካ ነው። ሁለት ቦታ ይመረጥ፦ አንዱ የትምህርት ቤቱ የፍሳሽ ቱቦ ወንዙን ከሚቀላቀልበት በላይ፣ ሌላው ከዚያ በታች፤ በየወሩ ሳይቀያየር። የሁለቱም ወለል ድንጋያማ ይሁን፤ አንዱ ድንጋይ ሌላው ጭቃ ከሆነ ንጽጽሩ ከንቱ ነው። ሥራው ከታችኛው ይጀመራል፤ ከላይ ከጀመሩ እግራቸው ያደፈረሰው ወርዶ የታችኛውን ያበላሻል። ቀዳዳው ግማሽ ሚሊሜትር የሆነ መረብ ወራጁን እንዲቀበል ይያዛል፤ ከመረቡ በላይ ያለው ጠጠር ለ3 ደቂቃ በእግር ይታመሳል፤ የተያዘው ነጭ ሳህን ላይ ይገለበጣል። ሦስት ቀጫጭን ጭራና በሆዷ ግራና ቀኝ ስንጥብ (የውኃ ውስጥ መተንፈሻ) ያላት ሜይፍላይ የምትባል ነፍሳት እጭ ላይ ተገኝታ፣ ታች ግን ደም የመሰሉ ቀይ እጮች ብቻ ከተርመሰመሱ፣ ቱቦው መጠርጠር አለበት። ቀዮቹ ኦክስጅን በሚሸከመው በሄሞግሎቢናቸው ኦክስጅን ባነሰበት ይኖራሉ፤ እሷ አትችልም።

ውኃው ውስጥ የሟሟው ኦክስጅንም እዚያው ይለካ። ጠርሙሱ ውኃ ውስጥ እንዳለ፣ አረፋ ሳይቀር ይከደናል፤ ክፍል ድረስ ተሸክሞ የሄደ ናሙና ውጤቱ አይታመንም። ሙቀቱም አብሮ ይመዝገብ፦ በባሕር ወለል ከፍታ 20 ዲግሪ ላይ ያለ ንጹሕ ውኃ በሊትር 9 ሚሊግራም ገደማ ሲይዝ፣ 30 ላይ 7.5 ገደማ ነው። ይህ ካልተመዘገበ የበጋው ሙቀት ጥፋት በቱቦው ይሳበባል።

እንዲህ ያለውን መዝገብ ታቅፎ ርእሰ መምህሩ ቢሮ የሚገባ ተማሪ የወጥ ቤቱን ቅባትና የመጸዳጃ ቤቱን ፍሳሽ ይጠይቃል። አጥሩ የተወደደው ይህን ፈርተው ይመስለኛል። ግዴለም፣ ይታጠር፤ ግን በወንዙ በኩል በር ይኑረው፣ ቁልፉም የሳይንስ መምህሩ ኪስ ይግባ።