በሻንጣ የሄደ ዱቄት፣ በሻንጣ የመጣ በሶ

ባለፈው ክረምት ወደ አዲስ አበባ ልሄድ ሻንጣ ስሸክፍ የወንድሜ ልጅ ደወለልኝ። 17 ዓመቱ ነው። ለሰፈሩ ቡድን ኳስ ይጫወታል፣ ብረትም ያነሳል። «አክስቴ፣ ጫማ ምናምን አልፈልግም። ፕሮቲን ብቻ አምጪልኝ» አለኝ። ጉጉቱ አንጀቴን በላው። ከ2 ኪሎ በላይ የሚመዝን ትልቅ ጣሳ የፕሮቲን ዱቄት ገዛሁለት። የሻንጣዬን እኩሌታ ያዘ።

ስመለስ እናቴ በዚያው ቦታ በሶ፣ ሽሮና ቆሎ ጠቀጠቀችበት። «ለልጅሽ ነው። ኳስ ይጫወታል አላልሽኝም?» ሜሪላንድ ስደርስ 16 ዓመት የሞላው ልጄ የበሶውን ከረጢት ፈታ፣ አሸተተና መልሶ ቋጠረው። ከዚያ መደርደሪያው ላይ ካለው ጣሳ ሁለት ማንኪያ ዱቄት በውሃ በጥብጦ ጠጣ። ለአጎቱ ልጅ የወሰድኩት ያው ዱቄት ነው።

ሁለቱ ልጆች ከዚያ ወዲህ ከሐሳቤ አልወጡም። ጡንቻ መፈለጋቸው ደስ ይለኛል። በዚህ ዘመን ከስልኩ ተነስቶ ላቡን የሚያፈስ ልጅ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። የሚያሳስበኝ ሁለቱም ጡንቻ ከጣሳ ይወጣል ብለው ማመናቸው ነው። የእኔው የቤቱን ምግብ ንቆ፣ የወንድሜ ልጅ ደግሞ የውጭ ልጆች የሚፈረጥሙት በዚህ ነው ብሎ።

የልጄን ቀን ልንገራችሁ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አውቶቡስ እንዳያመልጠው ሳይበላ ይሮጣል። ትምህርት ቤት ምሳ የሚሰጡት ገና በረፋዱ 5 ሰዓት ነው። እሱንም ግማሹን ትቶት ይነሳል። ከ9 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል ልምምድ አለው። ቤት ሲገባ ዱቄቱን ይጠጣና አልጋው ላይ ይዘረጋል። እኔ ከሥራ እስክመጣ እራት የለም። ለብዙ ወራት «ፕሮቲኑን እየወሰደ ነው» ብዬ ተረጋግቼ ኖሬያለሁ።

ለዓመታዊ ምርመራ ስንሄድ ሐኪሟ ስለ ዱቄቱ አልጠየቀችውም። «ትናንት ከጠዋት ጀምሮ ምን በላህ?» አለችው። እሱ እየቆጠረ ሲነግራት እኔ አብሬ ሰማሁ። ቆጥሮ ለመጨረስ ጊዜ አልወሰደበትም።

የነገረችን ነገር ግልጽ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን የዚህ ዕድሜ ልጅ ስፖርት ባይሠራ በቀን 50 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይበቃዋል። ጠንክሮ ለሚሠራ ስፖርተኛ ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ1.2 እስከ 2 ግራም ይመከራል። ለልጄ ከ72 እስከ 120 ግራም መሆኑ ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም አለው፣ አንድ ኩባያ ወተት 8፣ አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር ደግሞ 18 ገደማ። ሦስት እንቁላልና አንድ ኩባያ ወተት 26 ግራም ሆነ ማለት ነው። የጣሳው አንድ ማንኪያ ከዚህ አይበልጥም። ከሚያስፈልገው በላይ የገባው ፕሮቲን ደግሞ ጡንቻ አይሆንም። ይቃጠላል ወይም ስብ ሆኖ ይቀመጣል።

ልጄን የጎደለው ማገዶ ነው። በዚህ ዕድሜ ብዙ የሚንቀሳቀስ ወንድ ልጅ በቀን 3,200 ካሎሪ ያህል ይፈልጋል። ቁመቱ ገና እየጨመረ ነው፣ አጥንቱ እየጠነከረ ነው፣ በላዩ ላይ ልምምድ አለ። ሰውነት እንጀራና ሩዝ፣ ድንችና ዳቦ ካላገኘ ያንን ውድ ፕሮቲን ራሱን ምድጃ ውስጥ ይከተዋል። ልጄ ግን ጡንቻ ፍለጋ እንጀራ መቀነስ ጀምሮ ነበር። «ካርቦሃይድሬት ያወፍራል» ብለው በቪዲዮ ነግረውታል።

እዚያስ? የወንድሜ ልጅ ሌሊት 11 ሰዓት ይነሳል። ግቢው ውስጥ የሚያነሳው ብረት ራሱ የሠራው ነው፤ የውሃ ቧንቧ ብረት፣ ሁለት ጫፉ ላይ በወተት ጣሳ የተሞላ ሲሚንቶ። ሌሊት ወጥቼ ሲሠራ አይቼዋለሁ። ላቡ ከጀርባው እየተነነ፣ ትንፋሹን እየቆጠረ። ከዚያ አንድ ጥሬ እንቁላል ጉሮሮው ውስጥ ይሰብራል። ሻይ በዳቦ ይበላል፣ ይሄዳል። እስከ ምሳ ሌላ ነገር የለም።

ጥሬ እንቁላል ኃይል ይሰጣል የሚለው ወሬ ከልጅነቴ ጀምሮ አለ። እውነቱ ሌላ ነው። ከጥሬው እንቁላል ሰውነት የሚወስደው የፕሮቲኑን ግማሽ ያህል ነው፤ ሲበስል ወደ 90 በመቶ ይደርሳል። ሳልሞኔላ የሚባለው ሆድ የሚያምስ ባክቴሪያም አለ። ሻዩም ቢሆን ከምግቡ ጋር ሲጠጣ ሰውነት በምግቡ ውስጥ ያለውን የብረት ማዕድን በደንብ እንዳይወስድ ያግዳል። አንድ ሰዓት ያህል ቢዘገይ ምን አለበት።

ያመጣሁለትን ዱቄት እንዴት እንደሚጠቀምበት ሳይ ግን ልቤ ተነካ። ማንኪያውን ይሞላና በቢላ ጀርባ ጠርጎ ግማሽ ያደርገዋል። እንዳያልቅበት ነው። ከዚያም ላይ አብሮት ለሚሠራው ጓደኛው ያካፍላል። እናቱ ማድቤት ውስጥ ሽሮ እየሠራች ነበር። 100 ግራም የሽሮ ዱቄት 20 ግራም ያህል ፕሮቲን እንዳለው ማንም አልነገረውም። ወፈር ብሎ ቢሠራለትና በደንብ ቢበላ ያ ሁሉ ስስት ባላስፈለገ።

ጾሙን በተመለከተ እዚህም እዚያም የምሰማው ያው ነው፤ «ጾም ጡንቻ ይበላል» ይላሉ። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው። እኔ ልጆቹን ከጾም ከማራቅ ጋር አይደለሁም። የጾም ማዕዳችን ደካማ አይደለም። ጥራጥሬው የሚጎድለውን የፕሮቲን ክፍል እህሉ ይሞላለታል፣ የእህሉን ጥራጥሬው። ምስር በእንጀራ የበላ ልጅ ሙሉ ፕሮቲን በልቷል። አዚፋ አለ፣ ለውዝ አለ፣ ተልባ አለ፣ አቮካዶ አለ። ችግሩ መጠኑና ሰዓቱ ነው። እስከ 9 ሰዓት ሳይቀምስ የሚቆይ ልጅ ልምምዱን ከመብላቱ በፊት ሳይሆን በኋላ ቢያደርግ ይሻለዋል። ስለ ሰዓቱ ደግሞ ከነፍስ አባቱ ጋር ይማከር። ያናገርኳቸው ቄስ «ልጁ እያደገ ነው፣ ይምጣና እናውራ» ነው ያሉኝ።

ስለ ሴቶቹ ብዙ አይወራም፣ ይቆጨኛል። አንዲት ጓደኛዬ ሯጭ ልጅ አለቻት። ምግብ ስትቀንስ ሰዓቷ ተሻሻለ፣ ሁላችንም አጨበጨብን። ቀጥሎ የወር አበባዋ ቆመ፣ እግሯ አጥንት ላይ ስንጥቅ ወጣ። ሰውነት ከሚያወጣው ያነሰ ሲበላ የሚመጣ ጉዳት ነው። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ በ2014 ስም ሰጥቶ ያስጠነቀቀበት ጉዳይ ነው፤ ወንዶችንም ያገኛል። በዚያ ዕድሜ ሴት ልጅ በቀን 15 ሚሊ ግራም ብረት ትፈልጋለች፣ ወንዱ 11። የወር አበባ የቀረባት ሯጭ ሐኪም ዘንድ መሄድ አለባት፣ ነገ ሳይሆን ዛሬ።

አንድ ነገር ለሀገር ቤት ወላጆች አደራ ማለት እፈልጋለሁ። አሜሪካ የተሸጠ ሁሉ ተመርምሮ ያለፈ አይደለም። በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት እንደ ፕሮቲን ዱቄት ያሉ ተጨማሪ ምግቦች ገበያ ከመግባታቸው በፊት መንግሥት አያጸድቃቸውም። ጡንቻ ያሳብጣሉ ከሚባሉት አንዳንዶቹ ውስጥ መለያው ላይ ያልተጻፈ መድኃኒት ተገኝቷል። ኒውዮርክ ከ2024 ጀምሮ ጡንቻ ለመገንባት ተብለው የሚሸጡትን ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ መሸጥ ከልክላለች፤ ተራው የፕሮቲን ዱቄት ከዚያ ውጭ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበርም ክሬቲን የሚባለውን፣ ጡንቻ ለማጠንከር የሚወሰድ ዱቄት ለታዳጊዎች አይመክርም። እዚህ ሱቅ የሚከለከል ነገር በእኛ ሻንጣ እዚያ ላለ ልጅ መድረስ የለበትም።

እኔ ቤት የተቀየረው ጥቂት ነው። ማታ ሁለት እንቁላል ቀቅዬ አስቀምጣለሁ፣ ጠዋት በዳቦ ጠቅልሎ አውቶቡስ ላይ ይበላል። ከልምምዱ በፊት በሶ በማር በጥብጦ በጠርሙስ ይይዛል፤ የተቆላ ገብስ ነውና ጉልበት ይሰጠዋል። ያን ቀን መልሶ የቋጠረውን ማለቴ ነው። መጀመሪያ አፍንጫውን ይዞ ጠጣው። አሁን ጓደኞቹም ይቀምሳሉ። ስልኩ ማታ ሳሎን ያድራል፣ ምክንያቱም በዚህ ዕድሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋል፣ ሰውነት የሚጠገነውም ያኔ ነው።

ለወንድሜ ልጅ ይህንኑ በስልክ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። «እንቁላሉን እቀቅላለሁ» አለ በመጨረሻ። ባለፈው ሳምንት በቪዲዮ ስንገናኝ ከጀርባው መደርደሪያ ላይ ያ ትልቅ ጣሳ ይታያል። ዱቄቱ አልቋል። እናቱ ምስር አስቀምጣበታለች።