አቦ፣ ይሄ እንዲሁ ነው?

ባለፈው ቅዳሜ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ አንድ ወዳጃችን ቤት በርጫ ላይ ነበርን። ሰባት ነን። ምርቃናው ገና ሳይመጣ የባለቤቱ ስልክ ጮኸ። ስሙን አየና ከመከዳው ላይ ተስፈንጥሮ ተነሳ። «አቦ! አሁን ሳስበው ነበር! ይሄ እንዲሁ ነው?»

ደዋዩን በቀን አርባ ጊዜ ያስበዋል፤ ብር አበድሮታል። ሰላሳ ዘጠኙን ጊዜ ስልኩ ጭጭ ይላል። ግን ያልጮኸ ስልክ ማን ይቆጥራል?

ምንም ነገር አጋጣሚ የማይመስላቸውን እንደነዚህ ያሉ ሰዎችን ያብዛልን። እኛ ተራዎቹ በሙቀት ስንቀቀል እነሱ ምልክት ያነባሉ።

ከሁሉም የማደንቀው ባለ ባጃጁ የምለውን ተሳፋሪ ነው። ጠዋት ከሳቢያን የተሳፈረባትን ባጃጅ ማታ መልሶ አገኛት። ሌላው ቢሆን «ያው መስመሩ ነው» ብሎ ከፍሎ ይወርዳል። እሱ ታርጋዋን አየ። መጨረሻዋ 7! ልጁ ደግሞ 7ኛ ክፍል ነው። የሾፌሩን ስም ጠየቀ። እንደ አጎቱ መሐመድ ሆኖ ተገኘ። ድሬ ላይ መሐመድ የሚባል ሾፌር! መልሱን ተቀበለ፤ 5 ብር ነው። ትንሽ ደነገጠ። አንዷ ኖት ግን ሁለት ቦታ ተቀድዳለች፤ 5 እና 2 ስንት ነው? ሰዓቱን አየ፤ ምሽት 1 ሰዓት። ይሄም እምቢ ሲለው ወደ ፈረንጅ ሰዓት ተሻገረ። 7! ሦስት ሳምንት ሆነው፣ እስካሁን ያወራል። ሾፌሩ መስመር ቀየረ ሲባል ሰምቻለሁ።

ወደ በርጫው ልመለስ። ከመሃላችን ሁለቱ በ19 የተወለዱ ሆነው ተገኙ። «ቁልቢ ነው ያገናኛችሁ!» ተባለ። 12 ቢሆን ሚካኤል፣ 21 ቢሆን ማርያም፣ 23 ቢሆን ጊዮርጊስ ተራ ይጠብቁ ነበር። እኔ ሞኙ ስልኬን አውጥቼ ማስላት ጀመርኩ። ወራችን 30 ቀን ነው፤ ጳጉሜን ለጊዜው እንተዋት። ሰባት ሰው እርስ በርሱ 21 ጥንድ ይሆናል። ቢያንስ አንዱ ጥንድ በወሩ ተመሳሳይ ቀን የመወለዱ ዕድል 53 በመቶ ገደማ ነው። ቢገጥም ምን ይገርማል? ቀኑም ወሩም ይግጠም ካላችሁ 23 ሰው ሰብስቡ፤ ዕድሉ ከግማሽ ያልፋል። ይህን ስናገር ጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ጫቱን ከፊቴ አራቀው።

እስከዚህ ጨዋታ ነው። አንድ ዓይነት ሰው ግን አለ፣ ይቅር አልለውም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የድሬው ደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። «እኔኮ በዋዜማው ውሃ በሕልሜ አይቼ ነበር» የሚል እስከ ዛሬ አይጠፋም። በዚህ ሙቀት ውሃ የማያልም ማን ነው? ጎርፍ ያልመጣባቸውን የዚያን ሁሉ ሌሊት ሕልሞችህን የት አደረግሃቸው? ልጁን ውሃ የወሰደበት አባት አጠገብ ተቀምጠህ ይህን ስታወራ አታፍርም? ያን ሌሊት የጠፋው ሕልመኛ አልነበረም። ተራራው ላይ ሲዘንብ ሮጦ መጥቶ «ከወንዙ ዳር ውጡ» የሚል ሰው ነው የጠፋው።

ደሜ ፈላ፣ ይቅርታ። ምስጋና ላይ ነበርኩ።

ትናንት ማታ ባለ ባጃጁ ሰፈር ሱቅ በር ላይ አገኘኝ። «አንተ! እዚህ? ይሄ እንዲሁ ነው?» ብሎ አቀፈኝ።

ጎረቤቴ ነው።