ጣና ያለ ጣና

ሰሞኑን በቴሌግራም ቪዲዮ ደረሰኝ። የላኩልኝ ዘመዴ ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ጎርጎራ፣ ጣና ዳር ያሠሩት ቤት በስንት ዓመቱ ማለቁ ነው። ቪዲዮው ከዳር እስከ ዳር አጥር ነው። የብሎኬት አጥር፣ አናቱ ላይ የጠርሙስ ስባሪ የተሰካበት፣ ከዚያም በላይ እሾሃማ ሽቦ። «ጋሼ፣ ሐይቁ የታል?» ብዬ ጻፍኩላቸው። «ከአጥሩ ወዲያ ነዋ!» አሉኝ። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል ውሃ በብሎኬት መጋረድ መቼም ቀላል ችሎታ አይደለም።

ለመሆኑ ሰው ውሃ ዳር ሁለተኛ ቤት ሲሠራ ምን ፈልጎ ነው? «ነፋሻ አየር» ይላሉ ሁሉም። ጋሼን ስሰማቸው ግን የሚፈልጉት ጣናን ያለ ጣና ነው። ቢንቢው ይጥፋ። ዓሣው አይሽተት። እንቁራሪቱ ማታ ማታ ጸጥ ይበል (ይህንን ለዘበኛው በስልክ ሲያዙ በጆሮዬ ሰምቻለሁ)። በ2004 ዓ.ም ገደማ ሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭ ደግሞ እሳቸውን ለማናደድ የበቀለ ነው የሚመስላቸው። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሌላ ቦታ ያስጡ፣ እይታ አበላሹብኝ ይላሉ። የቱን እይታ? የብሎኬቱን?

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» የሚለውን ተረት ነፍሴ ነው የሚወደው። ግን ተረቱ ሰው የሚኖርበትን ቤት ታሳቢ ያደረገ ነው። ጋሼ ዓመቱን ሙሉ ጎንደር ናቸው። አጥሩ ቢነቀነቅ ማን ተናቀ ይባላል? እዚያ የሚኖረው ዘበኛው ነው። ሚስቱ በረንዳው ላይ ቡና ታፈላለች፣ እሱ የብረት በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ጀንበር ስትጠልቅ ያያል፣ ደመወዝም ይከፈለዋል። ባለቤቱ ማን እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።

ነገሩ ለጎንደር አዲስ አይደለም። አፄ ሱስንዮስ እዚያው ጎርጎራ ቤተ መንግሥት ነበራቸው። ልጃቸው አፄ ፋሲል ግን በ1628 ዓ.ም ከፍ ያለውን ቦታ መርጠው ጎንደርን ቆረቆሩ። እቴጌ ምንትዋብም የፋሲል ግቢ አልበቃቸው ብሎ ቁስቋም ላይ ሌላ ግቢ ሠሩ። ግን ኖሩበት! ዘግተው ቪዲዮ አልላኩብንም።

ስለ ቤት ሲነሳ አሮጌ ቂሜም አብሮ ይነሳል። ተከራይ ሳለሁ አከራዬ ቧንቧውን ይቆልፉ ነበር። እንግዳ ሲመጣብኝ በር ላይ ቆመው «ያድራል እንዴ?» ይላሉ፣ እንግዳው እየሰማ። መብራት ካመሸ ደግሞ ግድግዳ ይመታሉ። እኚያን ሴትዮ እስከ ዛሬ አልረሳኋቸውም።

ጋሼም አከራይ ናቸው። የጎንደሩ ቤታቸው ሰርቪስ ተከራዮች አሉበት። እናት፣ አባት፣ ልጆች፣ አንድ ክፍል። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ግቢው ጀሪካን በጀሪካን ነው። ባለፈው ኪራይ ሲጨምሩባቸው ምክንያቱን ጠየቅኩ። ጎርጎራ ቀለም ሊቀባ ነው! ማንም ለማያድርበት ባለ ሦስት መኝታ ቤት፣ በሮቶ ውሃ ለሚጠጣ ሣር፣ እዚህ አንድ ክፍል ውስጥ የተጨናነቀ ቤተሰብ ይክፈል። ይሄ ቀልድ አይደለም፣ ያናድዳል። ነግሬያቸዋለሁም። «አንተ ኢንቨስትመንት አይገባህም» አሉኝ።

ብቻ ለፋሲካ ጎርጎራ እንሂድ ብለዋል። 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አይከፋም። ሶፋው ገና ከነላስቲኩ ስለሆነ ወንበር ይዛችሁ ኑ ተብለናል።