«ጎጃሜነትሽ አላሳመነኝም» ተባልሁ

ገና ከመኪና መውረዴ ነው። እግሬን እንኳ አልታጠብሁም። ይህን ሳልጽፍ ብተኛ ግን እንቅልፍ አይወስደኝም።

አዎ፣ ባሕር ዳር ለተዋናይ ምልመላው ሄድሁ። አዎ ወደቅሁ። «እንዴት ሆነ?» እያላችሁ በውስጥ መስመር ስትጠይቁኝ ለዋላችሁ ሁሉ መልሱ ይኸው።

ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከዋዜማው ሄጄ አክስቴ ቤት አደርሁ። እሷም በሌሊት ተነሥታ ቆሎ ቆልታ ቋጠረችልኝ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በሩ ላይ ነበርሁ። 147 የሚል ወረቀት በመርፌ ቁልፍ ደረቴ ላይ ሰኩልኝ። የተጠራሁት ከቀኑ 9 ሰዓት ከ20 ነው። ሰባት ሰዓት ከምናምን! ወንበር የለም። ውኃ የለም። «ትንሽ ታገሡ» የሚል ሰው እንኳ የለም። አንዲት እርጉዝ ልጅ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ዋለች፤ እኔ ከገባሁ በኋላ ምን እንደሆነች አላውቅም።

ሦስት ዳኞች። አንዱ ከስልኩ ቀና አላለም። መሀል የተቀመጠው በዕድሜ ቢያንሰኝ እንጂ አይበልጠኝም። እኔ «እርስዎ» እለዋለሁ፣ እሱ «አንቺ» ይለኛል።

«እሺ፣ ስለ ራስሽ በ1 ደቂቃ።»

«ተወልጄ ያደግሁት ቢቸና ነው። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቴን...»

«ቆይ ቆይ። ‹ያደግሁት› አይባልም፤ ‹ያደግኩት› ነው። ተዋናይ ንጹሕ አማርኛ ነው የሚናገረው።»

ንጹሕ! እናቴ የምትናገረው፣ አያቴ የጸለየችበት አማርኛ ቆሻሻ ሆኖ ነው? ደነገጥሁ። ምላሴ ተሳሰረ። ስለ ትምህርት ቤቱ የድራማ ክበብ ስቀባጥር፣ ማርቆስ መድረክ ላይ የሠራሁት ጋ ሳልደርስ ደቂቃዋ አለቀች።

የሚገርመው ገና አሁን ነው የሚመጣው። የተሰጠኝ ገጸ ባሕርይ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? የጎጃም ገበሬ ሚስት! ልጇ ከተማ ሄዶ ጠፍቶባታል። ሰፌድ ይዛ ስንዴ እያበጠረች ለጎረቤቷ ታወራለች።

ይህችን ሴት አውቃታለሁ። እናቴ ስታበጥር አይቻት ነው ያደግሁት። እያበጠረች ስታወራ ድምፅዋን ከፍ አታደርግም። ገለባው አፏ እንዳይገባ ከንፈሯን ገጠም ታደርጋለች። ከባድ ነገር ስትናገር ዓይኗ ከሰፌዱ አይነሣም። እጇ ብቻ ትንሽ ይቆማል፣ ከዚያ ይቀጥላል። እኔም እንደዚያ አደረግሁ። ሰፌድ ስላልነበረ እጄን ብቻ። «ደብዳቤም የለ፣ ስልክም የለ» ስል የእውነት እንባዬ መጣ።

«አቁሚ አቁሚ። ይሄ ጎጃም አይደለም።»

«ጌታዬ፣ እኔ የቢቸና ልጅ ነኝ።»

«ሊሆን ይችላል። ግን ጎጃሜነትሽ አላሳመነኝም።»

ብድግ አለና ያሳየኝ ጀመር። ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን እየነቀነቀ፣ «ኧረግ! ኧረግ! እናንተዬ!» እያለ ጮኸ። ሌላኛው ሳቀ። ስልኩ ላይ የነበረውም ያን ጊዜ ቀና ብሎ ሳቀ። የሳቁት በእናቴ ነው።

«ቀጣይ!»

በአንድ ቀን፣ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ ስናገር ጎጃሜነቴ በዛባቸው፤ ስጫወት አነሳቸው። እንግዲህ የቱን ሆኜ ልምጣ?

እኔ እኮ መውደቁን እችለዋለሁ። ያልቻልሁት «ቀጣይ»ዋን ነው። ይህ የቅኔ አገር ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ የሚባሉት የቅኔ ቤቶች እዚሁ ናቸው። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ከደብረ ኤልያስ ቅኔ ቤት ወጥቶ ነው ተውኔት የጻፈው። ቅኔ ቤት ተማሪ የቆጠረውን ቅኔ ይዞ የኔታ ፊት ይቀርባል። ቢበላሽ የኔታ ይቆጣሉ፣ ግን የተሰበረው የቱ ጋ እንደሆነ ይነግሩታል። ቤቱ፣ ማለት ስንኙ ነው? ምሥጢሩ ነው? አርመው ይሰዱታል። ነገ አሻሽሎ ይመጣል። ለእኔስ ማን አረመልኝ? አንድ ዓረፍተ ነገር ምን አለበት? «ድምፅሽ አይሰማም» ቢሉኝ እንኳ ይዤው እገባ ነበር።

ያ የአምናውም ትዝ አለኝ። 300 ብር መመዝገቢያ ከፍለን «እንደውልላችኋለን» የተባልነው። እስከ ዛሬ የደወለ የለም። ብሩን እንኳ ለማን እንደከፈልን አናውቅም፤ ደረሰኝ የለው። የካቻምናዋ ደግሞ ፎቶዬን አይታ «ትንሽ ቀላ ያለች ፈልገን ነበር» ያለችኝ። ተዉት፣ እሱን ካነሣሁ አይነጋልኝም።

አንድ ነገር ግን የራሴ ጥፋት ነው፤ ያቺ 1 ደቂቃ። ዛሬ መኪናው ዳንግላ ላይ ለምሳ ሲቆም ለጎረቤታችን ለየኔታ ደወልሁ። ዋሸራ የተማሩ ናቸው። እያለቀስሁ ነገርኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ተማሪ አስቀድሞ የሚቆጥረው ጉባኤ ቃና የሚባለው አጭሩ ቅኔ ነው፤ ሁለት ቤት። መወድስ ስምንት ቤት ነው፤ እሱ ኋላ ይመጣል። አንቺ ጉባኤ ቃና ለጠየቀሽ ሰው መወድስ ጀመርሽለት።»

ስልኩን ዘግቼ ቁጭ አልሁ። እውነታቸውን ነው። 1 ደቂቃ እንደሚሰጡን ሳልሰማ ቀርቼ አይደለም። ቃለ ተውኔቱን ሳጠና ሦስት ሳምንት አሳለፍሁ፤ ስለ ራሴ የምናገረውን ግን «የራሴን ማን ይነግረኛል» ብዬ አንድ ቀን አልተለማመድሁትም።

147 የሚለውን ወረቀት ገልብጬ መኪና ውስጥ መጻፍ ጀመርሁ። በስልኬ ሰዓት ስይዘው መጀመሪያ 1 ደቂቃ ከ52 ሴኮንድ ሆነ። ትምህርት ቤቱን ሰረዝሁ። «ከልጅነቴ ጀምሮ የጥበብ ፍቅር ነበረኝ» የሚለውን ሰረዝሁ፤ በሩ ላይ ቆሜ ከእኔ በፊት የገቡ አራት ሰዎች ይችኑ ሲሉ ሰምቻለሁ። ክበቡን ሰረዝሁ። ዳንግላ ላይ የጀመርሁት ቡሬ ስንደርስ 58 ሴኮንድ ሆነ። ደንበጫ ላይ ይህ ቀረኝ፦

«የቢቸና ልጅ ነኝ። ስድስት ዓመት ማርቆስ መድረክ ላይ ሠርቻለሁ፤ ሁለቴ እናት ሆኜ ተጫውቻለሁ። እናቴ ስንዴ ስታበጥር እያየሁ ነው ያደግሁት። የጎጃም እናት ስታዝን እንደማትጮኽ አውቃለሁ። ላሳያችሁ።»

ከስሜ ጋር 24 ሴኮንድ። ከዚያ ዝም እላለሁ። የቀረውን እጄ ይናገር።

«ያደግሁት» ግን እንደ «ያደግሁት» ይቀራል። እሱን ማንም አያስቀይረኝም።

በሚቀጥለው ወር ሌላ ምልመላ አለ፤ እዚያም እሄዳለሁ። የማርቆስ ልጆች፣ ቅዳሜ ከሰዓት እኛ ቤት ኑና ሰዓት ያዙልኝ። የተበላሸችዋን ቃል ለይታችሁ ንገሩኝ፤ አታባብሉኝ። እናቴም ቅዳሜ ከቢቸና ትመጣለች፣ ሰፌዷን እንድታመጣ ነግሬያታለሁ።