እርማት፦ 200 አምፒር-ሰዓት ከ100 የሚበልጠው ሁልጊዜ አይደለም

«የቤት ሶላር ባትሪ ስትገዙ አምፒር-ሰዓቱ የበዛውን ውሰዱ፤ ባለ 200ው ከባለ 100ው እጥፍ ይይዛል» የሚል ምክር በተደጋጋሚ ሲሰጥ እያየሁ ነው። በቅን ልብ የተሰጠ ምክር እንደሆነ አልጠራጠርም። ግን ትክክል አይደለም፤ ሰውን ለማይሆን ወጪ ይዳርጋል።

አምፒር-ሰዓት ብቻውን ባትሪው ምን ያህል ኃይል እንደሚይዝ አይነግረንም። ቮልቱም መታየት አለበት። ሁለቱን አባዙና ለ1000 አካፍሉ፤ የምታገኙት ኪሎዋት-ሰዓት ነው። 12 ቮልት፣ 200 አምፒር-ሰዓት የሆነ ባትሪ 2.4 ኪሎዋት-ሰዓት ይይዛል። 51.2 ቮልት፣ 100 አምፒር-ሰዓት የሆነው ግን 5.12! በአምፒር-ሰዓት ግማሽ የሆነው ባትሪ ከእጥፍ በላይ ይዟል ማለት ነው።

ባለ 12 ቮልቱ ሊድ አሲድ (እንደ ተራ የመኪና ባትሪ በእርሳስና በአሲድ የሚሠራ) ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። ዕድሜው እንዳያጥር ቻርጁ ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመረጣል። ስለዚህ በተግባር የምትጠቀሙት 1.2 ኪሎዋት-ሰዓት አካባቢ ነው። በአማካይ 100 ዋት የሚወስድ ፍሪጅ ብትሰኩበት 12 ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለቤት ዕቃ ወደሚሆን የሚቀይረው ኢንቨርተርም የራሱን ድርሻ ይወስዳልና። ቀንና ሌሊት ያቆየኛል ብሎ ለገዛ ሰው ይሄ በጣም ያሳዝናል።

ማረጋገጡ ቀላል ነው። ባትሪው ላይ የተለጠፈውን አንብባችሁ ሁለቱን ቁጥሮች አባዙ። ከዚያ ሻጩን «ሳይጎዳ ስንት ፐርሰንቱን መጠቀም ይቻላል?» በሉት። መልሱን አምራቹ ባወጣው መግለጫ ላይ ያሳያችሁ። ካላሳያችሁ ገንዘባችሁን አታውጡ።