ልጆቻችን እጅም አላቸው

ባለፈው ሳምንት እዚህ ባሕር ዳር አንድ የግል ትምህርት ቤት ወላጆችን ሰብስቦ ነበር። ከተነሡት ጉዳዮች አንዱ ብዙም ውይይት አልተደረገበትም። ከኬጂ እስከ አራተኛ ክፍል ላሉ ልጆች በሳምንት ሁለቴ የነበረው የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ቀርቷል ተባለ። ብሎኩ፣ ካርቶኑና ጭቃው ስቶር ገብቷል። በምትኩ ልጆቹ የሒሳብና የእንግሊዝኛ ወርክሺት ይሠራሉ።

አንድ አባት ብድግ አሉና «ይህን ሁሉ ብር የምከፍለው ልጄን ግንበኛ ለማድረግ አይደለም፤ ጥሩ አድርጋችኋል» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ።

ከውሳኔው ይልቅ ያንገበገበኝ ጭብጨባው ነው።

ግንበኛ ምን አጠፋ? ያን አዳራሽ ያቆመው ግንበኛ ነው። ያጨበጨቡት ሰዎች ማታ የገቡበትን ቤት የሠራውም እሱ ነው። ቱንቢ ጥሎ፣ ውሃ ልክ አስቀምጦ ግድግዳ የሚያቆም ሰው ጂኦሜትሪን በእጁ ያውቃል። የመሠረቱ ማዕዘን ትክክል መሆኑን ለማወቅ በአንደኛው ጎን 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ይለካል። ጫፍ ለጫፍ 5 ሜትር ከመጣለት ይቀጥላል። ካልመጣለት ያፈርሳል። ይህን ሕግ እኛ ለፈተና ሸምድደን ረስተነዋል። እሱ ዛሬም ጠዋት ሠርቶበታል። የግንበኛ ልጅ በዚያ ትምህርት ቤት ካለ፣ የአባቱ ሙያ ለስድብ መዋሉን መስማቱ አይቀርም። ያጨበጨበ ሁሉ ይህን ያስብበት።

ደግሞስ ብሎክ የደረደረ ልጅ ሁሉ ግንበኛ ይሆናል ያለው ማነው? የዘመረ ሁሉ ዘፋኝ ሆኗል? ኬጂ የሚባለውን ነገር ያመጣው ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮቤል ነው። እ.ኤ.አ. በ1837 ሥራውን ሲጀምር ለሕፃናቱ ያዘጋጀላቸው ኳስ፣ ኪዩብ፣ ሲሊንደርና የእንጨት ብሎክ ነበር። ወርክሺት አልነበረም። ስመ ጥሩ አሜሪካዊ አርክቴክት ፍራንክ ሎይድ ራይት በልጅነቱ እናቱ የገዛችለት እነዚህኑ የፍሮቤል ብሎኮች ነው። ካረጀ በኋላም ለሥራው መሠረት እንደሆኑት ይናገር ነበር። እና ብሎክ የኬጂ ማስዋቢያ አይደለም። ኬጂ የቆመው በእሱ ላይ ነው። ብሎኩን ስቶር ቆልፎበት «ኬጂ አለን» የሚል ትምህርት ቤት ማስታወቂያውን ያውርድ።

ፍሮቤል በውሃ የራሰ አተርና ቀጫጭን እንጨት ለልጆች ይሰጥ ነበር። እኛ ጋ ሽምብራና ስቴኪኒ ይበቃል። ይህን አንድ ሥራ ብቻ ላስረዳ። ሽምብራው ማታ ይዘፈዘፋል። ጠዋት ለስልሶ ይገኛል። ለአራት ልጆች አንድ ኩባያ ሽምብራና አንድ ፓኮ ስቴኪኒ ይሰጣቸዋል። ለትንንሾቹ የስቴኪኒው ሹል ጫፍ ቀድሞ ይከረከም። አራት ስቴኪኒ በአራት ሽምብራ አያይዘው ካሬ ይሠራሉ። በጣት ገፋ ሲያደርጉት ካሬው ይንጋደዳል። በሦስት ስቴኪኒ የሠሩት ሦስት ማዕዘን ግን ቢገፉትም ቅርጹን አይለቅም። ይገርማቸዋል። ከዚያ ካሬውን ለማጽናት በሰያፍ አንድ ስቴኪኒ ሊያስገቡ ይሞክራሉ። ያጥራቸዋል። ለምን አጠረ? ሁሉም ስቴኪኒ እኩል አይደል?

ሒሳብ ማለት ይህ ጥያቄ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ራሱ ጠየቀው። ማንም በሰሌዳ ላይ አልጻፈለትም። መምህሯ ቆርቆሮው ስር ያለውን ካፕሪያታ፣ ጣሪያውን የሚሸከመውን የእንጨት መዋቅር፣ ብታሳያቸው የእንጨቱ ሦስት ማዕዘን ለምን እንደተሠራ ማንም ሳይነግራቸው ይገባቸዋል። በማግስቱ ሽምብራው ደርቆ እንጨቱን ጨምድዶ ይይዛል። ሥራቸው መስኮት ላይ ቆሞ ያዩታል። ወርክሺቱ ላይ ደግሞ ያው ልጅ «ሦስት ማዕዘን ስንት ጎን አለው?» ተብሎ «3» ብሎ ይጽፋል። የትክክል ምልክት ይደረግለታል። ምን አወቀ?

የወረቀት ድልድይም አለ። ሁለት ቦታ መጻሕፍት ይደረደራሉ። በመካከላቸው አንድ ሉክ ወረቀት ይዘረጋል። ጥቂት ሳንቲም ሲያስቀምጡበት ይሰምጣል። ያንኑ ወረቀት እንደ አኮርዲዮን እጥፍጥፍ አድርገው ሲዘረጉት ብዙ ሳንቲም ይሸከማል። ወረቀቱ አልተጨመረም። ቅርጹ ነው የተለወጠው። ይህን በእጁ ያየ ልጅ የጣሪያ ቆርቆሮ ለምን ሞገድ ሞገድ እንደሆነ አይጠፋውም።

ስለ ድልድይ ካነሣን፣ በግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድያችን 380 ሜትር ርዝመት አለው። በየቀኑ ልጆች ይሻገሩታል። ትልልቆቹ ፎቶ እንነሣበታለን። ገመዶቹ ግን ምን እንደሚሠሩ ለልጆቹ የነገራቸው አለ? ይህንንም በሲባጎ ማሳየት ይቻላል። አንድ ልጅ ምሰሶ ሆኖ ይቆምና ሁለት እጁን ወደ ጎን ይዘረጋል። ሲባጎው ከአንዱ ክርኑ ተነሥቶ፣ አናቱ ላይ በተቀመጠ የታጠፈ ሹራብ አልፎ፣ ሌላው ክርኑ ላይ ይታሰራል። እጁ መዛል ሲጀምር ገመዱ ይይዝለታል። አናቱ ላይ ደግሞ ወደ ታች ይጫነዋል። ድልድዩ ምን እንደሚሰማው በገዛ ሰውነቱ ያውቃል። ቀሪዎቹ ልጆች ተራ እየጠበቁ ይጮኻሉ። ይጩኹ።

ጭቃውስ? በክብሪት ቀፎ ትንንሽ ጡብ ይሠራል። ግማሹ በጭድ፣ ግማሹ ያለ ጭድ። ጥላ ውስጥ ይደርቃል። የትኛው እንደተሰነጠቀ ልጆቹ ራሳቸው ያያሉ። አያቶቻቸው ጭድ እየጨመሩ ጭቃ ያቦኩበት ምክንያት ያኔ ይገለጥላቸዋል። ክብ ካርቶን ከጠርዙ እስከ መሃሉ አንዴ ሰንጥቀው ጠርዞቹን ቢያደራርቡ ሹል ጣሪያ ይወጣዋል። ክቡን የዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ያየ ልጅ ቶሎ ያውቀዋል።

ይህ ሁሉ በቡድን ሲሠራ ሌላ ትምህርት ይጨመርበታል። አሮጌ ጋዜጣና ፕላስተር ለአምስት ልጆች ስጡና «ረጅሙን ማማ አቁሙ» በሏቸው። አንዱ ሁሉንም እኔ ልሥራ ይላል። ማማው ይወድቅበታል። አንዷ ከጀርባ «ታቹን አስፉት» ትላለች። የሚሰማት የለም። ሁለተኛ ሲወድቅ ይሰሟታል። እንዲህ ያለች ልጅ ብዙ ጊዜ በደረጃ ከመጨረሻዎቹ ተርታ ናት። እጇን አውጥታ አታውቅም። በዚያ ቀን ግን ቡድኑ ዞሮ ያያታል። የጎጃም ገበሬ ደቦ ጠርቶ፣ ወንፈል ገብቶ ቤት ሲሠራ የኖረው እንዲህ ነው፤ አንዱ ያቦካል፣ አንዱ ያቀብላል፣ አንዱ ይመርጋል። የትኛው ወርክሺት ነው ይህን የሚያስተምረው? በወርክሺት ጊዜ እንዲያውም ልጁ ጓደኛው እንዳያይበት በክንዱ ሸፍኖ ነው የሚጽፈው።

ትምህርት ቤቱ የሰጠው ምክንያት ውጤት ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ያስፈራናል፣ ከታች እንጀምር ይላሉ። ፈተናው ቀልድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በ2014 ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በጠቅላላው 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ታዲያ እነዚያ ልጆች የወደቁት ጭቃ ሲያቦኩ ውለው ነው? አብዛኞቹ ብሎክ ነክተው አያውቁም። በሽምደዳ የመጣውን ውድቀት በተጨማሪ ሽምደዳ እናድናለን ማለት ልጆቹ ላይ መፍረድ ነው። በክልላችን ባለፉት ዓመታት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቆይተዋል፣ የባከነውን ማካካስ አለብን የሚለውን እቀበላለሁ። ቤት ተዘግቶበት የከረመ ልጅ ግን መጀመሪያ የሚያስፈልገው ከጓደኞቹ ጋር አንድ ነገር መሥራት ነው።

እውነቱን እንነጋገር። የውጤት ነገር ሰበብ ነው። ከስሩ ያለው የእጅ ሥራን መናቅ ነው። ብረት የቀጠቀጠውን፣ ሸማ የሠራውን፣ ሸክላ ያበጀችውን ስም እያወጣን ስናሸማቅቅ ኖረናል። አጼ ምኒልክ ሰውን በሙያው መስደብ በአዋጅ ከከለከሉ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ። ስድቡ አልጠፋም። አሁን የትምህርት ቤት ክፍያ ስም ይዞ መጣ።

ጣና ዳር ያለን ሰዎች ደግሞ ይህን ለማለት ከማንም በላይ ማፈር ነበረብን። ደንገል አጭደው፣ አድርቀው፣ ጠቅልለው ታንኳ የሚሠሩት በተለይ የነገደ ወይጦ ወገኖቻችን ናቸው። የደንገሉ ውስጥ አየር የያዘ ስፖንጅ ነው፤ ለዚያ ነው የሚንሳፈፈው። ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ስለዚህ ከሐይቁ ወጥቶ መድረቅ አለበት። በዚህ ታንኳ ከዘጌ ማገዶ ተጭኖ ከተማችን ገብቷል። ሠሪዎቹን ግን አክብረናቸው አናውቅም። አንድ የታንኳ ባለሙያ ወደ ክፍል ተጋብዞ ትንሽ የደንገል እስር እንዴት ጠብቆ እንደሚታሰር ቢያሳይ፣ ልጆቹ ሳፋ ውስጥ አንሳፍፈው ስንት ጠጠር እንደሚችል ቢቆጥሩ፣ ያ ቀን ከአንድ ወር ወርክሺት ይበልጣል። ይህን የምለው ጥናት ጠቅሼ አይደለም። ልጅ ሲሠራ ዓይኑን ያየ ሰው ጥናት አያስፈልገውም።

ባሕር ዳርም እንደ ሌላ ከተማ አይደለችም። በ1950ዎቹ ፖሊ ቴክኒክ ተከፍቶባት ወጣቶች የእንጨት፣ የብረታ ብረትና የጨርቃ ጨርቅ ሙያ ተምረውባታል። በ1960ዎቹ የፔዳጎጂ አካዳሚ ተጨመረላት። የዛሬው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሁለቱ ውህደት ነው። እጅንና መምህርን ያጋባች ከተማ ውስጥ ነው «ግንበኛ» ተብሎ የሚሰደበው።

ወላጆችንም አልምርም። ኮንዶሚኒየሙ ጠባብ ነው፣ ቤቱ ይቆሽሻል እንላለን። ከዚያ ስልክ ሰጥተን ዝም እናሰኛቸዋለን። ልጆቹ የሶፋውን ትራስ አቁመው፣ ጋቢ ጣሪያ አድርገው ቤት ሲሠሩ «አፍርሱ!» ብለን እንጮሃለን። እስከ ማታ ቢቆይ ምን ይጎዳናል? ለሙጫና ለጭቃ አንድ ሰፊ ትሪ በቂ ነው፤ ሥራው ከትሪው አይወጣም። የፓስታ ካርቶን፣ የእንቁላል መያዣ፣ ቆርኪ፣ የክብሪት ቀፎ አትጣሉ። ሴት ልጃችሁን ዕቃ ዕቃ ብቻ አታጫውቷት። ሜትሩን ለእሷም ስጧት፣ በሩን ትለካው።

«አንድ ክፍል ውስጥ ሃምሳ ልጅ ይዤ እንዴት ጭቃ ላቦካ?» የምትል መምህር ጥያቄዋ ተገቢ ነው። አምስት አምስት አድርጋ ትከፋፍላቸው። ለኪ፣ ቆራጭ፣ ያዥ፣ አያያዥ፣ ፈታሽ እያለች ሥራ ትስጣቸው፤ በየሳምንቱ ታለዋውጣቸው። ግማሹ ደጅ ጥላ ሥር ይሥራ። ረዳት መምህር መመደብ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው፤ ክፍያው ለዚህም ነው።

የክወናና የዕይታ ጥበባት በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ ያለ የትምህርት ዓይነት ነው። በወላጅ ጭብጨባ የሚሰረዝ አይደለም። ትምህርት ቤቱ ክፍለ ጊዜውን ይመልስ። ሱፐርቫይዘሮችም ሲመጡ ደብተርና የፈተና ወረቀት ብቻ አገላብጠው አይሂዱ። «ልጆቹ በእጃቸው የሠሩትን አሳዩን» ይበሉ። የሚያሳየው ነገር የሌለው ትምህርት ቤት ካለ በሪፖርታቸው ይጻፉት፤ ለወላጆችም ያስታውቁ።