ስም ከመቃብር በላይ፣ ከዝግባም በላይ

ባለፈው ቅዳሜ ሰሜን ሸዋ፣ ወፍ ዋሻ ጫካ ገብተን ነበር። ከአዲስ አበባ በሌሊት ተነሣን። ደብረ ብርሃን ላይ ቁርስ በላን። 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ብርዱ ለብቻው ይቆጠራል። ጫካ ውስጥ ያለው የእግር መንገድ አጭር ነው፤ አንድ ሰዓት ቢሞላ ነው። ጥድ፣ ዝግባ፣ ኮሶ፣ ከፍ ሲሉ ደግሞ አስታ። መጨረሻው ላይ ገደል አፋፍ የቆመ ትልቅ ድንጋይ አለ። ሰው ሁሉ የሚሄደው እሱን ሊያይ ነው።

እኛም ደረስን። ድንጋዩን ለማየት ግን ጊዜ አላገኘንም፤ ጎብኚ ሁሉ ላዩ ላይ የጻፈውን ስናነብ ዋልን።

ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት እነዚያን ጸሐፍት ላመሰግን ነው። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለውን ተረት ሁላችንም እንተርታለን። በተግባር ያዋሉት ግን እነሱ ብቻ ናቸው። ሌላው ሰው ስሙ እንዲጠራ ትምህርት ቤት ያሠራል፣ ልጅ ያሳድጋል፣ ዕድሜውን ሙሉ ይለፋል። እነሱ አንድ ቆርቆሮ ቀለም ገዙ፣ አለቀ።

ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው ክፍለ ዘመን አክሱም ላይ በግዕዝ፣ በሳባ ፊደልና በግሪክኛ ድንጋይ አስጽፏል። የእኛዎቹም ከሦስት አላነሱም፤ አማርኛ፣ እንግሊዝኛና በቀስት የተወጋ ልብ። ኢዛና ግን ዘመቻውንና ምርኮውን እየዘረዘረ አንባቢ ያደክማል። የእኛዎቹ «አቤ እና ሚሚ 2014» ብለው ያበቃሉ። ከሥሩ አንዱ «ፊቅር ያሸንፋል» ብሏል። ፊደሏን አትዩበት፤ ገደል አፋፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የጻፈው።

ለድንጋዩም ቢሆን ውለታ ውለውለታል። ያ ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ቅልጥ አለት ነበር። ቀዝቅዞ ከጠጠረ ሚሊዮኖች ዓመታት አልፈውታል፤ እስከ 2014 ድረስ ግን ማንም አቤ መሆኑን አልነገረውም። ላዩ ላይ የድንጋይ ሽበት አብቅሎ ነበር፤ በዓመት እዚህ ግባ የማይባል የሚያድግ፣ ግራጫና ብጫ። እሱን በጩቤ ፋቁለትና ወጣት አደረጉት። በነጭ ቀለምም ኳሉት።

ድንጋይ ያልደረሳቸው ዝግባው ላይ ጽፈዋል። ይሄኛው ጥልቀት ያለው ሥራ ነው፤ ልጡን አልፎ እንጨቱ ይታያል። ዛፍ ቅጠሉ ላይ የሠራውን ምግብ ወደ ሥሩ የሚያወርደው በልጡ ነው። ዙሪያውን ከተላጠ ቀስ እያለ ይደርቃል። እንግዲህ ለፍቅር ተብሎ የደረቀ ዛፍ መባል ቀላል ክብር አይደለም።

በነገራችን ላይ፣ እዚያው ሰሜን ሸዋ ጣርማ በር በኩል የምኒልክ መስኮት የሚባል ቦታ አለ። ገደሉ እንደ መስኮት ተከፍቶ ቆላው ወለል ብሎ ይታያል። ጭላዳዎቹ አፋፉ ላይ ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ። አንድ ጊዜ ሄጄ የምኒልክን ፊርማ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት። አንዲት ፊደል የለችም! ንጉሠ ነገሥት ሆኖ እንዲህ መዘናጋት አለ? ጂኦሎጂስቶቹም ያው ናቸው፤ የአካባቢውን ጥቁር ድንጋይ «ጣርማ በር ባዛልት» ብለው በአገሩ ስም ጠሩት። ወፍ አጥኚዎች ደግሞ በፈረንጆቹ 1976 እዚያ ተራራ ላይ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የሌለች ትንሽ ወፍ አገኙ፤ በአንኮበር ሰየሟት። የራስን ስም ማውጣት እያለ!

ወደ ድንጋያችን ልመለስ። አንድ እረኛ ልጅ ሲከተለን ነበር። ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ጋቢ ተከናንቧል፣ ዱላው ከሱ ይረዝማል። ፊደል ቆጥሯል። ጣቱን ድንጋዩ ላይ እያስኬደ «አ... ቤ» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ በምን ሞተ?»

«የቱ?»

«ይሄ አቤ የሚሉት።»

ልጁ ስምና ዓመተ ምሕረት ድንጋይ ላይ ተጽፎ ያየው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ብቻ ነው። ምን ልበለው? «እንጃ» አልኩት።

«ሚስቱም አብራው ነው የሞተችው መሰል» አለና ቆቡን አወለቀ። «ነፍስ ይማር።»

«ይማር» አልኩ።

ይሄኔ አንዱ ጓደኛችን ከኋላ ማርከሩን ከፍቶ መጣ። «እስቲ ጠጋ በሉልኝ፣ እቺ ጋ ቦታ አለች።»

ልጁ ከእግር እስከ ራሱ አየው። በጣም ነው ያሳዘነው።